እግሬን ስኳር ነው ያልኩ ጊዜ

ጌሾ ሸተተኝ። ባለፈው የገበያ ቀን ጠዋት፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ገና ሳልደላደል ነው ያወቅሁት። ደረቅ የጌሾ ቅጠል፣ ፌስታል ውስጥ ታጭቆ፣ ከጎኔ በተቀመጡት አሮጊት ጭን ላይ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የባጃጁ ሸራ ያንጠባጥባል፤ እርጥበት ደግሞ ሽታን ያባብሳል። አፍንጫዬን አልፎ ጉሮሮዬ ላይ ነው የወረደው። ጉሮሮ ክፉ ነው፣ አይረሳም። ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

«ወልዴ ነህ?» አሉኝ አሮጊቷ። «አልሞትክም እንዴ?»

ድምፃቸውን ለየሁት። «ሞክሬ ነበር እትዬ አስካለ። አልተሳካም።»

ሳቁና ወደ እግሬ ተመለከቱ። «ምነው እንደ ወታደር እስከ ቁርጭምጭሚትህ ጠፍረህ አሰርከው?»

«እንዳይጠፋብኝ ነው።»

«ጫማ ደግሞ ከእግር ላይ ይጠፋል?»

«የእኔ ጠፍቷል።»

የቀለድኩ መስሏቸው እንደገና ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

እትዬ አስካለ ጠጅ ቤት ነበራቸው። ከልብስ ሰፊዎቹ ተራ ጀርባ፣ መንገዱ ቁልቁል ከሚወርድበት ጥግ ላይ። ዛሬ እዚያ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥበት የመስታወት ሱቅ ቆሟል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገቡ ሲወጡ እያየሁ አልፋለሁ፤ እግራቸው የትኛው አግዳሚ በነበረበት ላይ እንደቆመ አያውቁም። ያን ጊዜ ጭቃ ቤት ነበር፣ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ከላያቸው ላይ የሰው መቀመጫ ያለሰለሰው እንጨት። አንድ ብርሌ ሃምሳ ሳንቲም። ስሙኒ ከጨመርክ ቆጮ ከጎመን ጋር ይመጣልሃል። ማሩ ከጫካው ነው፣ ከማንኪራ ወይም ከዚያ ማዶ፤ ስኳር የሚቀላቅል ጠጅ ጣይ ቢገኝ ከከተማ የሚባረር ይመስለን ነበር። እኛ ወጣቶቹ ነጋዴዎች ቦላሌ ሱሪ ነበር የምንለብሰው፣ ከታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋውን። ቦላሌ ለቦንጋ የተሠራ ሱሪ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ የገበያውን ጭቃ ግማሽ በሱሪያችን ጫፍ እየጠረግን ነው የምንገባው፤ እትዬ አስካለም በሩ ላይ ቆመው «እግራችሁን ውጭ ትታችሁ ግቡ» ይሉናል። አንድ ቴፕ ነበራቸው። ካሴቱ ሲላላ በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። አንዱ ዘፈን መሐሉ ላይ ተበጥሶ በፕላስተር ስለተጣበቀ፣ ዘፋኙ «ወዳጄ» ሊል «ወ» ብሎ ወደሚቀጥለው ስንኝ ይዘላል። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ዘፈን ሙሉውን ስሰማ የተሳሳተ ይመስለኛል።

ሰካራም ሆነን አልነበረም የምንገባው። ሥራ ነበር። የቡና ውል የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ገዢው የመጀመሪያዋን ብርሌ ካላስቀዳ ዋጋው የጸና አይባልም። «ቡናው ከደረቀ ጉሮሮ ይርጠብ» ይባል ነበር። እኔ ደግሞ ብዙ ቡና የምገዛ ሰው ነበርኩ።

የምገዛውም በእግሬ ነው። ይህንን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ያፌዝኩባቸው ይመስላቸዋል። ጀንፈሉ፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና ማለት ነው፣ ያኔ እንደ አሁኑ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አይሰጣም፤ ደጃፍ ላይ ሰሌን ይነጠፍና በላዩ ይበተናል። ሌላው ነጋዴ እፍኝ አንስቶ ጆሮው ሥር ያንቃጭላል፤ አንዳንዱ ፈልፍሎ ይነክሳል፣ ጥርስ ከገባበት አልደረቀም። እኔ ጫማዬን አወልቃለሁ። በባዶ እግሬ እገባበትና ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። የደረቀ ቡና ከተረከዝ ሥር ይሸሻል፤ ያልደረቀው ይለጠፋል። ከላይ ደረቁን በትነው ከሥር እርጥቡን ቢደብቁት እጅ ይታለላል፣ ዓይን ይታለላል፣ የሰው ክብደት ያረፈበት እግር ግን አይታለልም። ቢታ ገነት ድረስ በጭነት መኪና ሄጄ አንድ ሙሉ ቀን እንዲህ ስራመድ እውላለሁ። የማንኪራ ሰዎች «ወልዴ ጫማውን ካወለቀ ዋጋው ሊወርድ ነው» ይሉ ነበር። ጎረቤቴ ሸምሱ ደግሞ «ሌላው ሰው በጭንቅላቱ ያስባል፣ ይሄ ሰውዬ ግን ኮፍያውን እግሩ ላይ ነው ማድረግ ያለበት» ይለኝ ነበር።

ሸምሱን ሳላስተዋውቅ ብቀጥል ይቀየመኛል። አባቱ ጨርቅ በበቅሎ ጭነው ከጅማ በኩል የመጡ ሰው ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከአቡጀዲው ጣቃ ጀርባ ነው። የእሱ ሱቅና የእኔ መጋዘን በአንድ ግድግዳ ይካፈላሉ። ሸምሱ በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም፤ ኃጢአቱ ስኳር ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ አራት ማንኪያ ይጨምርና ሳያማስል ይጠጣዋል፣ መጨረሻ ላይ ከሥር የቀረውን በማንኪያ ሊበላው። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለመጠጤ አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረኝ። «ወልዴ፣ ብርሌው አንገቱ ቀጭን ነው፣ ሆዱ ግን ሰፊ ነው» አለኝ። ስለ ብርሌ የሚያወራ መስሎኝ «ልክ ነህ» አልኩት።

ከብርሌ ወደ መለኪያ እንዴት እንደተዛወርኩ አላስታውስም። መለኪያ ያልኩት የአረቄዋን ትንሽ ብርጭቆ ነው። መጀመሪያ ከውል በኋላ ነበር፣ ከዚያ ከውል በፊት፣ ከዚያ ውል በሌለበት ቀን ሰው ያለ ውል እንዴት ይውላል ብዬ። በመጨረሻም ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ አንድ፣ እንዳልተንቀጠቀጠ ሳይ ደግሞ ለደስታው አንድ። ባለቤቴ ብዙነሽ ቁርስ ስታቀርብልኝ «በልቻለሁ» እላታለሁ። እሷም «አዎ፣ ይሸታል» ትለኛለች።

እግሬ የጀመረኝ በጣቶቹ ነው። ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኛል። ዝቅ ብዬ አያለሁ፣ ባዶ እግሬን ነኝ። አንዳንዴ ጉንዳን ይሄድበታል፣ ጉንዳን የለም። ብርድ ነው ብዬ ተውኩት፤ ብርድ ከሆነ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ቢታ ገነት ላይ ትልቅ ሰሌን ሙሉ ቡና ተሰጥቶ ነበር፤ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ገባሁ፣ ተራመድሁ። እግሬ ዝም አለ። ቡናው ላይ ቆሜ ቡናው የለም። ደመና ላይ የቆምኩ ያህል ነው። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ከቦ ፊቴን ያያል። አልሰማ አለኝ ብል ምን ይሉኛል? «ደርቋል» አልኩ። አስጫንኩት። መጋዘኔ ውስጥ ሻገተ። ሽታው የሸምሱ አቡጀዲ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር።

ከዚያ ጫማው መጣ። ክረምት ነው፣ ገበያው መሐል ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ኮረሪማ ላይ ጥሩ ዋጋ ተናግሬ ደስ ብሎኝ እየተራመድኩ ወደ መጋዘኔ ስመለስ፣ ሰው ያየኛል፣ እኔም በዋጋዬ የተደነቁ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌያለሁ። ሸምሱ ከሱቁ በር ላይ ጮኸ።

«ወልዴ! ሌላኛዋን ለማን አዋስካት?»

«የቷን?»

«ጫማህን ነዋ።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ቀኜ ጫማ አድርጓል፣ ግራዬ ጭቃ አድርጓል። ጫማው መቼ እንደወለቀ አላወቅሁም። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሸምሱ ግን አልሳቀም። ወርዶ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ፈለገልኝ። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ ሌላው ሰው ጫማዬን ሲፈልግ ሳይ፣ ከሁሉ ይልቅ ያሰብኩት ቶሎ አግኝቶት አንዲት መለኪያ ጋ በሄድኩ ብዬ ነው።

ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ቆርኪ ናት። አንድ ምሽት ጫማዬን ሳወልቅ ብዙነሽ ካልሲዬ በደም መጣበቁን አየች። ጫማውን ገልብጣ ስትመታው አንዲት የቢራ ቆርኪ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንከባለለች። ቀኑን ሙሉ ረግጫት ነው የዋልኩት፣ ጥርሷ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

«ይቺ አላመመችህም?» አለችኝ።

«አላወቅኋትም።»

«ቆርኪን አንተ ካላወቅካት ማን ያውቃታል» አለችና፣ ቀልዷን ሳትጨርሰው አለቀሰች። በማግሥቱ ሄድን።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። ቁስሌን አጠበ፣ ደሜን አስመረመረ፣ እግሬን በመርፌ ጫፍ እየነካ «ይሰማዎታል?» አለኝ፤ እኔም የነካኝ መቼ እንደሆነ በዓይኔ እያየሁ «አዎ» አልኩት። ዓይኔን አስጨፈነኝ። ከዚያ በኋላ አንድም «አዎ» አልወጣኝም። ምን ያህል እንደምጠጣ ጠየቀኝ። «ለማኅበር፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ» አልኩት። ብዙነሽ «ደግሞም ለቁርስ» ብላ ጨመረችበት። ልጁ በደንብ ነገረኝ፦ ስኳር የለብዎትም፣ ነርቭዎን የጎዳው መጠጡ ነው፣ መጠጡም የነጠቀዎት ምግብ ነው፣ ቫይታሚኑን ይውሰዱ፣ ይብሉ፣ መጠጡን ፈጽመው ያቁሙ፤ ግን በአንድ ጊዜ ብቻዎን ቤት አይተዉት፣ ሊጥልዎት ይችላል፣ እኛ ጋ ይምጡ። «ይመለሳል ወይ?» አልኩት። «ካቆሙ ሊመለስ ይችላል፣ ሁሉም ላይሆን ይችላል። ቀስ ብሎ ነው፣ ጥፍር እንደሚያድገው።» ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ይዤ የወጣሁት አንድ ቃል ነው፤ የለብዎትም ያለኝን በሽታ ስም።

«ምን አለህ?» አለኝ ሸምሱ ደጃፉ ላይ።

«ስኳር ነው» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ ዛሬም ስጠየቅ አፍራለሁ። ስኳር የተከበረ በሽታ ነው። የኃላፊዎች በሽታ፣ በልቶ የጠገበ ሰው በሽታ። ነርቭ ብል አበደ ይሉኛል፤ አረቄ ብል አወቅን ይሉኛል። ወሬው በሁለት ቀን ገበያውን አዳረሰ። ሰው በሐዘኔታ ያየኝ ጀመር፤ ሻይ ቤት ስገባ ሳልናገር ያለ ስኳር ይቀርብልኛል። ችግሩ ድግስ ላይ ነው የመጣው። ጠጁ ሲዞር የቤቱ እመቤት ብርሌውን ከፊቴ ያነሡትና «ለጋሽ ወልዴ ማር አይሆንም፣ ስኳር አለባቸው» ይላሉ። እኔም በልቤ ተመስገን ልል ስል፣ «አረቄ አምጡላቸው፣ አረቄ ስኳር የለውም» ይላሉ። ለስኳሬ አዝነው እኮ ነው። ከየቤቱ ጥሩ ጥሩው፣ የተጣራ የተጣራው ተደብቆ ይቆየኝ ጀመር። እንቢ ልበል ብል ምክንያት አጣሁ፤ ምክንያት ያጣሁትም አጥብቄ ስላልፈለግሁት ነው። እንዲህ ሆኜ አንድ ዓመት ገፋሁ። እግሬ ባሰበት፣ ዱላ ያዝኩ። ቡና መግዛት ተውኩ፤ በአፍንጫ የሚታወቀውን ቅመም፣ ኮረሪማና ጥምዝ ብቻ ያዝኩ። የቡና እርጥበት የምትለካ አንዲት ማሽን ገዝቼ ነበር፤ ስሟም መለኪያ ነው። ዕድሜዬን በመለኪያ ስጠጣ ኖሬ በመጨረሻ መለኪያ ገዛሁ። ማሽኗ እውነት ትናገራለች፣ ገበሬው ግን «የአንተ ማሽን ነው» ብሎ አያምናትም፤ እኔም አልፈርድበትም። ሣጥን ውስጥ ከተትኳት።

አንድ ከሰዓት እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ነው። የሸምሱን ብርጭቆ አየሁት። ከሥሩ ስኳር የለም። ከዚያ በፊት ስንት ቀን እንዳላየሁት እንጃ።

«ስኳርህስ?»

«ተውኩት» አለኝ።

«መቼ?»

«አንተ የተውክ ጊዜ። እኔ ፊትህ እያጣጣምኩ አንተ መራራ ስትጠጣ ደስ አላለኝም።»

አንድ ዓመት። አራት ማንኪያ የሚጨምር ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ላልያዘኝ በሽታ መራራ ሻይ ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ሸምሱ፣ ስኳር የለብኝም።»

ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ።

«አረቄው ነው። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

ከዚያ ተነሥቶ ከሱቁ የስኳር ጣሳውን አመጣ፣ አንድ ሁለት እያለ አራት ማንኪያ ጨመረበት፣ አሰበና አምስተኛ ደገመ። አላማሰለውም።

«ስኳር ቢሆን ኖሮ አብሬህ እስከ መቃብር እተውልህ ነበር» አለኝ። «አረቄውን ግን ጠጥቼው አላውቅም። ያልያዝኩትን እንዴት አድርጌ ልተውልህ?»

ከብዙ ስድብ የከፋ ነው። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ተኛሁ። እነዚያን ቀናት አልተርካቸውም፤ ብዙነሽ አጥሚት እያጠጣች፣ ሸምሱ በር ላይ ሆኖ በውሸት ጋዜጣ እያነበበ ነው ያለፉት። ስወጣ ቀጥሎ የተገኘሁበት ቦታ ለቅሶ ቤት ነው። አረቄ ቀርቦልኝ፣ «ስኳር የለውም ጋሽ ወልዴ» ሲሉኝ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ «እኔንም ስኳር አልያዘኝም፣ የያዘኝ ይኸው የምትሰጡኝ ነው» አልኩ። ምድር ትውጠኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ «እኛማ እናውቅ ነበር፣ አንተ እስክታውቅ ነው የጠበቅነው» አሉና ቆሎ አቀበሉኝ።

ይህንን ሁሉ ለእትዬ አስካለ ባጃጁ ውስጥ አልነገርኳቸውም፣ ግማሹን ነው። ጌሾውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙኝ። አሁንም ለሠርግ ይጥላሉ።

«አሁንስ ይሰማሃል?»

«ያቃጥለኛል። ማታ ማታ ረመጥ ላይ የቆምኩ ያህል ነው። ሐኪሙ መቃጠሉ አንዳንዴ የመመለስ ምልክት ሊሆን ይችላል ይላል። ለእሱ ቀላል ነው፣ እግሩ የእሱ አይደለም።»

«ጥፋቱ የእኔ ጠጅ ነው?»

«ጠጅዎ ጥሩ ነበር እትዬ። ጥፋቱ እሱ ነው።»

አልሳቁም። «ቡና ላይ ቆመህበታል፣ ከተሻለህ ወዲህ?»

«አልቆምኩበትም።» እውነቱን ነው የነገርኳቸው። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው መጠጥ ካቆምኩ፤ ዱላውን ጥያለሁ፣ መርፌውንም በተጨፈነ ዓይኔ ተረከዜ ላይ ለይቻለሁ። ጀንፈል ላይ ግን አልቆምኩም። ካልቆምኩ ይመለስ ይሆናል እያልኩ እኖራለሁ፤ ቆሜ ዝም ካለኝ ግን አለቀ፣ እስክሞት ኮረሪማ አሽታለሁ።

«ዛሬ ትቆማለህ» አሉኝ። «እኔም አያለሁ። የገደልኩት ነገር ካለ ልወቀው።»

መጋዘኔ ደጃፍ ላይ ወረድን። ገበያው ሞልቷል። አንዲት የማንኪራ ሴት ከእነ ልጇ ሁለት ማዳበሪያ ጀንፈል አውርዳ፣ ገዢ ስትጠብቅ ግድግዳዬን ተደግፋለች። እንድታፈስልኝ ለመንኳት፣ ሸራ አነጠፍኩላት። ሸምሱ ከሱቁ ወጣ፣ ምንም አልጠየቀም፣ ለእትዬ አስካለ ወንበር አመጣላቸው። እኔ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ። የእጄ ጣቶችም ገና ደነዞች ናቸው፣ ብዙ ፈጀብኝ። ድሮ በአንድ ርግጫ የማወልቀው ጫማ ነበር። ሰው ቆሞ አየኝ፤ ያኔ ቢታ ገነት ላይ እንዳየኝ።

ገባሁ። ጣቶቼ ምንም አላሉም። ክብደቴን ወደ ኋላ አሳረፍኩ። መጀመሪያ ቃጠሎው ብቻ ነበር። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ፣ ከግራ ተረከዜ ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ነገር ተለጠፈና ቀረ። አልሸሸም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ለነጋዴ ተገቢ ያልሆነ ነገር ፊቴ ላይ ነበርና።

«ምን አለህ?» አለ ሸምሱ።

«ከላይ ደርቋል። ከሥር ሁለት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል።»

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ከእግሬ ሥር አንዷን አነሣ፣ ፈለፈላትና ነከሳት። ጥርሱ የገባበትን አየና ለእትዬ አስካለ አሳያቸው። እሳቸው ጌሾአቸውን አንሥተው፣ «በል ልሂድ፣ ሠርግ አለብኝ» አሉና ሄዱ።

የማንኪራዋ ሴት ግን ተከፋች። አንዴ እግሬን፣ አንዴ ቡናዋን አየች።

«ይሄ ምኑ ነው ታዲያ» አለች። «የጋሽ ወልዴ እግር ሞቷል ብለውኝ እኮ ነው ወደዚህ ያመጣሁት።»